ጉዳቱ ይጠገን፣ መልኩ ይቆይ፦ ያረጁ ፎቶዎችን በኮምፒዩተር ስለማደስ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ያረጁ፣ የተቀደዱ፣ የደበዘዙ ወይም ውኃ የነካቸው ፎቶግራፎች በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚታደሱ ያስረዳል። እርሳስና ወረቀት አቅርቡ፤ የሚጻፉ ጥቂት ቁጥሮች አሉ። ዓመተ ምሕረት ብለን ካልለየን በቀር የምንጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ በጅቡቲ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ከጊዜ ማሳለፊያ ያለፈ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ በሁለት አገር ተከፍሎ ኖሯል። አባት በወደብ ወይም በምድር ባቡር ሥራ ላይ ነው፤ እናትና ልጆች ድሬዳዋ ወይም ሐረር ናቸው። በመካከላቸው የሚመላለሰው ደብዳቤና ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶ ቤት ገብቶ፣ የክት ልብስ ለብሶ፣ ተነሥቶ፣ በጀርባው «ለማስታወሻ» ብሎ መላክ የተለመደ ነበር። ብዙውን ጊዜ የታተመው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ነጋቲቩም የት እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ ያ አንድ ወረቀት ሲጠፋ የሰውየው መልክ አብሮ ይጠፋል። የአያትን ፊት የሚያውቅ ሌላ ምስክር በቤቱ ላይኖር ይችላል።

በቅድሚያ ፎቶ ለምን እንደሚበላሽ እንመልከት። ጉዳቱን ያላወቀ ሰው መፍትሔውንም አያውቅምና።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚሠራው ከብር ነው። በወረቀቱ ላይ በጄላቲን ውስጥ የተያዙ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች ናቸው ምስሉን የሚሰጡት። ፎቶ አንሺው ምስሉን በኬሚካል ካወጣ በኋላ ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው የሚያስወግድ ሌላ ኬሚካል ይጠቀማል፤ ከዚያም ወረቀቱን በብዙ ንጹሕ ውኃ ያጥበዋል። እጥበቱ ካልበቃ ኬሚካሉ በወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። የቀረው ኬሚካል ከዓመታት በኋላ ብሩን እየበላ ምስሉን ወደ ቢጫነት ይለውጠዋል፤ ቀስ በቀስም ያነጣዋል።

ለዚህ በአካባቢያችን ታሪክ የታወቀ ምሳሌ አለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር በንግድ ሥራ ላይ ሳለ ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጥቶ ነበር። ሜይ 6 ቀን 1883 ለቤተሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ራሱ ያነሣቸውን ሦስት የራሱን ፎቶዎች ላከ። በአንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ፣ በሁለተኛው በቡና አትክልት ውስጥ ቆሟል፤ በሦስተኛው በሙዝ ተክል መካከል እጆቹን አጣምሯል። በዚያው ደብዳቤ ፎቶዎቹ እንደነጡና ምክንያቱም ያጠበበት ውኃ መጥፎ መሆኑን ለቤተሰቡ ነግሯቸዋል። ይህ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ የጫነ ሲራራ ነጋዴ ሆኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ የወጣው ነው። በከተማችን ዛሬ የማህሙድ ሐርቢ አደባባይ የሚባለውም ቀድሞ በስሙ ይጠራ ነበር። የደበዘዙት የሐረር ፎቶዎቹ ግን እስከ ዛሬ አሉ፤ ተመራማሪዎች የራምቦን የጎልማሳነት መልክ የሚያውቁት በአብዛኛው በእነሱ ነው። ከዚህ የምንማረው አለ፦ የደበዘዘ ፎቶ የሞተ ፎቶ አይደለም። ዓይን የማያየው ልዩነት በወረቀቱ ላይ ገና ይኖራል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ያንን ልዩነት ማጉላት ይችላል።

የቀለም ፎቶ ጉዳት ከዚህ የተለየ ነው። በውስጡ ብር የለም፤ ሦስት ማቅለሚያዎች ናቸው ያሉት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በታተሙ ብዙ ወረቀቶች ላይ ፈጥኖ የሚለቀው ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ማቅለሚያ ነው። የዚያ ዘመን የሠርግ ፎቶዎች አልበም ውስጥ ተዘግተው እያሉ እንኳ ወደ ቀይ የሚያደሉት ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የጅቡቲን ሙቀትና ከባሕር የሚመጣውን እርጥበት ጨምሩበት። ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ ከመስተዋት ጋር ይጣበቃል፤ ሻጋታም ያበቅላል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ሥራው ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ መጀመሪያ ማዳን፣ ቀጥሎ መቅዳት፣ በመጨረሻ ማደስ። ብዙ ሰው ወደ ሦስተኛው ሲሮጥ የመጀመሪያውን ይዘላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

ማዳን ስንል ወረቀቱን ሳይጎዱ መያዝ ማለታችን ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፤ ፎቶውን በጠርዙ ያዙ። አቧራውን ለስላሳ በሆነ ደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። በምራቅ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ በአልኮል አትንኩት። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። ከፍሬም መስተዋት ጋር የተጣበቀ ከሆነ አትገንጥሉት፤ ከገነጠላችሁት ፊቱ በመስተዋቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ ከነመስተዋቱ ይቀዳል።

ጎርፍ የነካው ፎቶ የራሱ ሥርዓት አለው። በሐምሌ 1998 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው አልቋል፤ በኅዳር 2019 ደግሞ እዚህ ጅቡቲ ከባድ ዝናብ ብዙ ቤቶችን አጥለቅልቋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ከተረፈ በኋላ ከጭቃው ውስጥ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ አልበሙ ነው። ፎቶዎቹ ገና እርጥብ ሳሉ መለያየት አለባቸው፤ ተደራርበው ከደረቁ ይጣበቃሉ። ጭቃ ካለባቸው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቀስ ብለው ይለቅለቃሉ እንጂ አይፈተጉም። ከዚያ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ይሰጣሉ። ፀሐይ አይንካቸው፤ ካውያም አይደረግባቸው። በሁለት ቀን ውስጥ መጨረስ ካልቻላችሁ ሻጋታ ሳይጀምር በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ በፍሪጁ በረዶ ቤት አኑሯቸው፤ ጊዜ ስታገኙ ጥቂት ጥቂት እያወጣችሁ ትሠራላችሁ። በ2011 ጃፓንን ከመታው ሱናሚ በኋላ ሪኮ የተባለው ኩባንያ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ከ400 ሺህ በላይ ፎቶዎችን አጥበው፣ በኮምፒዩተር ቀድተው፣ ከፊሎቹን ለባለቤቶቻቸው መልሰዋል። ያ ሁሉ ፎቶ የወጣው ከጨው ውኃና ከጭቃ ነው። ስለዚህ እርጥብ አልበም አይጣል።

ሁለተኛው ደረጃ መቅዳት ነው። የሚሻለው ጠፍጣፋው ስካነር ነው፤ በፎቶ ኮፒ ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች ይገኛል። ለሚቀዳላችሁ ሰው የምትነግሩትን አሁን ጻፉ። ለፖስት ካርድ መጠን ፎቶ 600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ። ለጉርድ ፎቶ 1200 ዲፒአይ። ምክንያቱን በስሌት ላሳያችሁ። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ በ1200 ሲቀዳ ወደ 1400 በ1900 የሚጠጉ ነጥቦች ይሰጣል። ይህ ለጥሩ ኅትመት በሚፈለገው በ300 ዲፒአይ ሲታተም 12 በ16 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። አባታችሁ ከመታወቂያቸው ሌላ ፎቶ ባይኖራቸው እንኳ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ከዚያ ማውጣት ይቻላል።

ጥቁርና ነጭ የሆነውም ቢሆን በቀለም ይቀዳ፤ ጥቅሙን ጥቂት ቆይተን እናየዋለን። ስካነሩ በራሱ የሚያስተካክለው ነገር ሁሉ ይጥፋ። ፋይሉ ቲፍ በተባለው ዓይነት ይቀመጥ፤ ጄፔግ እየታረመ በተቀመጠ ቁጥር ከምስሉ ጥቂት ይቀንሳል። የተቀደደ ፎቶ ቁርጥራጮቹ በስካነሩ ላይ ሳይነካኩ ይደርደሩ፤ የሚገጣጠሙት በኮምፒዩተር ነው። ጀርባውም ይቀዳ! ስም፣ ቦታና ዘመን ያለው እዚያ ነው። ዘመኑን ስታነቡ ግን አቆጣጠሩን ለዩ። ከድሬዳዋ በተላከ ፎቶ ጀርባ 1960 ተብሎ ቢጻፍ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በአውሮፓው 1967 ወይም 1968 ነው። በባቡር መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ግን በፈረንጁ ጽፎት ሊሆን ይችላል። የስምንት ዓመት ስህተት ልጅን ከመወለዱ በፊት ፎቶ ውስጥ ያስገባዋል።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይበቃል። ፎቶውን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ብርሃን አኑሩት። ፍላሽ አጥፉ። ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ይሁን። ነጸብራቅ ካስቸገረ ከስልኩ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ያዙ። ከሁሉ በፊት ግን ነጋቲቩን ፈልጉ። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ በ1982 ወደ ለንደን ሲሰደዱ ነጋቲቮቻቸውን ይዘው ነበር የወጡት፤ ሥራቸው ከዓመታት በኋላ በዚያው በለንደን ለሕዝብ ሊታይ የቻለው በዚህ ነው። ነጋቲቩ ካለ፣ በወረቀቱ ላይ የደረሰው እጥፋትና ሻይ እሱን አልነካውም።

ሦስተኛው ደረጃ ማደስ ነው። ፎቶሾፕ በ1990 ለገበያ የቀረበ፣ ዛሬ በክፍያ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ጊምፕ ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጀመረ፣ በነጻ የሚገኝ፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ለቤተሰብ ፎቶ ጊምፕ ይበቃል። በስልክ ለሚሠራ ስናፕሲድ የተባለው ነጻ መተግበሪያ ትንንሽ ጭረቶችን ያነሣል።

የመጀመሪያው ሕግ፦ የተቀዳውን ፋይል አትንኩ። ቅጂ አውጡ፤ በቅጂውም ላይ ሌየር የሚባለውን ንብርብር ጨምራችሁ እዚያ ላይ ሥሩ። የተሳሳተው ንብርብር ሲነሣ ከሥሩ ያለው እንዳለ ይገኛል።

ቀጥሎ የብርሃኑን ሚዛን አስተካክሉ። ሌቭልስ የሚለውን ስትከፍቱ ተራራ የሚመስል ሥዕል ይመጣል። በደበዘዘ ፎቶ ላይ ተራራው በመካከል ተሰብስቦ ግራና ቀኙ ባዶ ይሆናል። ሁለቱን ጫፎች ተራራው ወደሚጀምርበትና ወደሚያልቅበት አቅርቡ፤ ጥቁሩ ይጠቁራል፣ ነጩ ይነጣል፣ ጠፍቷል ያላችሁት ዓይን ይወጣል። ወደ ቀይ ያደላውን የቀለም ፎቶ ደግሞ ይህንኑ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻ አድርጉለት።

በቀለም ይቀዳ ያልንበት ምክንያት እዚህ ላይ ይመጣል። ኮምፒዩተር ማንኛውንም ምስል በሦስት ቻነሎች ይይዛል፦ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ሻይ ወይም ዝገት ያቆሸሸው ጥቁርና ነጭ ፎቶ በቀዩ ቻነል ብቻ ሲታይ እድፉ በጣም ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። በተቃራኒው ምስሉ ራሱ ወደ ቢጫነት ተለውጦ የነጣ ከሆነ፣ የቀረው ልዩነት ጎልቶ የሚገኘው በሰማያዊው ነው። ሦስቱንም እያፈራረቃችሁ ተመልከቱና የተሻለውን ያዙ። ለሰዓታት የሚያለፋው እድፍ በዚህ በአንድ ምርጫ ሊቀል ይችላል።

ከዚያ ጭረትና እጥፋት ይመጣል። ሁለት መሣሪያዎች አሉ። አንዱ ክሎን ስታምፕ ይባላል፤ ከአንድ ቦታ የወሰደውን እንዳለ ሌላ ቦታ ያትማል። ሁለተኛው ሂሊንግ ብሩሽ ነው፤ የወሰደውን ከአካባቢው ብርሃን ጋር ያዋሕዳል። ግንባር፣ ሰማይ፣ የግድግዳ መጋረጃ በሁለተኛው ይሠራል። ጥቁር ኮት ከነጭ ነጠላ በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ግን ይህ መሣሪያ ያጨቀያል፤ እዚያ ስታምፑን ተጠቀሙ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ለቀዳዳው የሚሆነውን እራፊ ከዚያው ልብስ ጫፍ እንደሚቆርጥ፣ እናንተም ለጥገናው የምትወስዱት ከአጠገቡ፣ ተመሳሳይ ብርሃን ካለበት ይሁን። ብሩሹ ትንሽ ይሁን። ምስሉን አጉልታችሁ ሥሩ፤ ደጋግማችሁም አሳንሳችሁ ሙሉውን ተመልከቱ። ፊት በመጨረሻ ይሠራል፤ እጃችሁ እስኪፍታታ ከጀርባው ጀምሩ።

አድማጮቻችን፣ ወደ ዛሬው ዋና መልእክት ደርሰናል። የማደስ ሥራ ወሰን አለው። የተቀደደ መጋረጃ፣ የተሸረፈ ጠርዝ፣ የጠፋ የወንበር እግር መልሶ መሙላት ይቻላል። የጠፋ ፊት ግን አይፈጠርም። የቀረው ግማሽ ፊት ከሆነ ግማሹ ይቆይ፤ ወይም በዚያው ዕድሜ ከተነሣ ሌላ ፎቶ ይወሰድና መወሰዱ ይመዝገብ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ወሰን በቀላሉ ስለሚያሻግር ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የደበዘዘው ፊት ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሁሉም ይደነቃል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የእናንተን አያት አያውቃቸውም። የሚያውቀው የተማረባቸውን ሌሎች ፊቶች ነው፤ የጎደለውንም ከእነሱ ይሞላል። የሚወጣው ሰው አያትን የሚመስል ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የእኛ ሰዎች ፎቶ ደግሞ ለዚህ ስህተት በጣም የተጋለጠ ነው። በአንገት ላይ ያለችው ቀጭን ማተብ ለፕሮግራሙ ጭረት ትመስለዋለች፤ ያነሣታል። በአገጭና በአንገት ላይ ያለው ንቅሳት እድፍ ይመስለዋል፤ ያጠፋዋል። የሹሩባው መስመር፣ የነጠላው ጥለት፣ የደረት ኒሻን ይቀልጣል። ማተብና ንቅሳት ከሌላቸው አያት ጋር የልጅ ልጅ ምን ይተዋወቃል?

ቀለም መቀባትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በጥንቱ ፊልም ላይ ቀይ ቀለም ጥቁር መስሎ ይወጣ ስለነበር፣ ከግራጫው ተነሥቶ የቀሚሱን ቀለም መገመት ያሳስታል። ቤተሰብ የሚያስታውሰው ካለ ይጠየቅ፤ ከሌለ በጥቁርና ነጭ ይቆይ።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከካምቦዲያ እንማር። በክመር ሩዥ ዘመን፣ ከ1975 እስከ 1979፣ ቱል ስሌንግ በተባለው እስር ቤት የታሠሩ ሰዎች ከመገደላቸው በፊት ፎቶ ይነሡ ነበር። በ2021 አንድ የውጭ አገር ባለሙያ እነዚያን ፎቶዎች ቀለም ሲቀባ በአንዳንዶቹ ፊት ላይ ፈገግታ ጨመረበት፤ ቫይስ የተባለው ድረ ገጽም አወጣው። የሟች ቤተሰቦችና የካምቦዲያ መንግሥት ተቃወሙ፤ ጽሑፉም ተነሣ። ሰዎቹ በዚያች ሰዓት አልሳቁም ነበር። ፎቶ ምስክር ነው፤ በምስክር አፍ ያልተናገረውን ማስገባት ሐሰት ነው።

ስለዚህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብትጠቀሙ ለጀርባና ለጠርዝ ይሁን። ፊቱ ላይ የሠራውን ከዋናው ቅጂ ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ፤ ሰውየውን በአካል ለሚያውቁ አዛውንት አሳዩና «እሳቸው ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። የማሽኑን ሥራ የሚዳኘው የእሳቸው መልስ ነው። የቤተሰብን ፎቶ በማታውቁት ድረ ገጽ ላይ ስትጭኑም በማን እጅ እንደሚቀር አስቡ።

የተጠናቀቀው ሥራ በሁለት ስም ይቀመጥ፤ አንዱ «ዋና»፣ ሌላው «የታደሰ»። በሦስት ቦታ ይኑር፦ በኮምፒዩተር፣ በሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ፣ እንዲሁም በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት። ጅቡቲ ያለው ድሬዳዋ፣ ድሬዳዋ ያለው ጅቡቲ ቢልክ አንድ ጎርፍ ሁለቱን አይወስድም። ዋናው ወረቀትም አይጣል። ሙጫ ካለው አልበም ይልቅ በንጹሕ ወረቀት ፖስታ፣ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት ርቆ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ለግድግዳ የሚሰቀለው የታደሰው ይሁን።

ለማጠቃለል፣ አስቀድማችሁ አድኑ፤ ከነጀርባው በቀለም ቅዱ፤ በቅጂ ላይ ብቻ ሥሩ፤ ጉዳቱን ጠግኑ፤ መልኩን አትንኩ። ሶፍትዌሩ ይቆያችኋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል፣ ይሻሻላልም። የማይቆዩት በፎቶው ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም የሚያውቁት እናቶችና አባቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከሁሉ በፊት የምትሠሩት አንድ ነገር ይኑር፦ አልበሙን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ «ይህ ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስም የሌለው ፎቶ የቱንም ያህል ቢጠራ የማይታወቅ ሰው ፎቶ ሆኖ ይቀራል።